ዓሣ በመስታወት ቤት፤ የጌጥ ዓሣ አያያዝና ንግድ ታሪክ

ዓሣ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ከሐይቅ ዳር ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶ ወይም አምባዛ ነው። በዓለም ላይ ግን ለመብል ሳይሆን ለዓይን ብቻ ተብለው የሚያዙ፣ የሚረቡና የሚሸጡ ዓሦች አሉ። እነዚህም የጌጥ ዓሦች ይባላሉ። በያመቱ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ የጌጥ ዓሦች በውኃ በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት እየታሠሩ ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው በአውሮፕላን ይጓዛሉ።

ስለ እነዚህ ዓሦች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ቀለማቸውና ስለ ውበታቸው ነው። እኛ ግን እዚህ ላይ የምንከተለው ሌላውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ዓሣው ራሱ ምን ደረሰበት የሚለውን። ውሻ ሲመታ ይጮኻል፤ በቅሎ ጭነት ሲበዛባት ትለግማለች። ዓሣ ግን ሲቸገር ለሰው ጆሮ የሚደርስ አቤቱታ የለውም። ስለዚህ በመስታወት ውስጥ የሚሞተውን ዓሣ ምን እንደ ገደለው ለማወቅ ሰው ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የነገሩ መነሻ ቻይና ናት። ዛሬ በመላው ዓለም የታወቀው ወርቃማ ዓሣ የዘር ግንዱ የካርፕ ወገን የሆነ፣ መልኩ ግራጫማ የሆነ ተራ የኩሬ ዓሣ ነው። ከብዙ ሺህ ጫጩቶች መካከል አልፎ አልፎ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚፈለፈል ይገኛል። እንዲህ ያለው ዓሣ በተፈጥሮ ወንዝ ውስጥ ብዙ ዕድሜ የለውም፤ ዓሣ በል ወፍ ከሩቅ ያየዋልና። ቻይናውያን ግን ከጂን ሥርወ መንግሥት ዘመን (265–420) ጀምሮ ቀይ ዓሦች መታየታቸውን መዝግበዋል። የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ሕይወት ያለውን ፍጥረት ከመታረድ አድኖ መልቀቅን እንደ ጽድቅ ሥራ ስለሚቆጥሩት፣ ብርቅ የሆኑት ቀያዮቹ ዓሦች በቤተ መቅደስ ኩሬዎች መጠለያ አገኙ። በሶንግ ዘመን (960–1279) ደግሞ መሳፍንቱና መኳንንቱ በግቢያቸው ኩሬ እያስቆፈሩ ያረቧቸው ጀመር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሚንግ ዘመን (1368–1644) ዓሣው ከኩሬ ወጥቶ በቤት ውስጥ ወደ ሸክላ ጋን በገባ ጊዜ ነው። በኩሬ ውስጥ ጅራቱ ሁለት የሆነ ወይም ሰውነቱ የተድቦለቦለ ዓሣ ከሌሎቹ ጋር ተሽቀዳድሞ ምግብ ሊያገኝ አይችልም። በጋን ውስጥ ግን ምግቡን ሰው ይሰጠዋል፤ ጠላትም የለበትም። ከዚህም የተነሣ በተፈጥሮ ሊኖሩ የማይችሉ መልኮች እየተመረጡ ተረቡ። ጅራታቸው እንደ ነጠላ ጥለት የሚንዘረፈፍ፣ የጀርባ ክንፍ የሌላቸው፣ ዓይናቸው ወደ ውጭ የፈጠጠ ዓሦች በየጊዜው ተገኙ። በ1596 ዣንግ ቺያንዴ የተባለ ጸሐፊ ስለ ቀያዮቹ ዓሦች ብቻ የሚናገር መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። የእነዚህ ዓሦች ውበት ግን ዋጋ ነበረው። ሰውነቱ እንደ እንቁላል የተድቦለቦለው ዓሣ አንጀቱና የአየር ከረጢቱ ስለሚጨናነቁ ሚዛኑን ስቶ በጀርባው መንሳፈፍ ይቀናዋል። ዛሬም በየሱቁ ይህንኑ ማየት ይቻላል። እንግዲህ ዓሣውን የሚጎዳው ሰው በክፋት ብቻ ሳይሆን በመውደዱም ጭምር መሆኑ ገና ከጥንቱ ይታያል።

ወርቃማው ዓሣ ወደ ጃፓን ከተሻገረ በኋላ በ17ኛው ምዕተ ዓመት አውሮፓ ደረሰ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ በ1665 በማስታወሻው ላይ በመስታወት ዕቃ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች አይቶ መደነቁን ጽፏል። በዚያን ዘመን ብዙ ሰዎች ዓሣ ውኃ ብቻ ጠጥቶ ይኖራል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ምግብ የሚሰጠው አልነበረም፤ ቢያንስ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይለወጥለት ስለነበር ጥቂት ጊዜ ይቆያል። አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ቶማስ ግሬይ የተባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ በ1747 የጻፈው ዝነኛ ግጥም ወርቃማ ዓሣ ለመያዝ ስትል ከዓሦቹ ማስቀመጫ ገብታ ስለ ሞተች የወዳጁ ድመት ነው። ሙሾው የወረደው ለድመቷ ነው፤ ለዓሦቹ ያዘነ አልነበረም።

ሳይንስ ወደዚህ ጉዳይ የገባው በኦክሲጅን በኩል ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1774 ኦክሲጅንን ለይቶ አወጣ። ያን ኢንገንሁስ በ1779 ዕፀዋት በብርሃን ጊዜ ይህንኑ አየር እንደሚሰጡ አሳየ። ዓሣም በራሱ ግራና ቀኝ ባለው ስንጥብ አማካይነት በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን እንደሚተነፍስ ታወቀ። ፈረንሳዊቷ ዣን ቪልፕሩ ፓወር በ1832 በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ የባሕር እንስሳትን በሕይወት ሳሉ ለመመርመር የመስታወት ገንዳ ሠርታ ተጠቀመች። ስሟ ግን ብዙ ሲነሣ አይሰማም።

በተለይ ለሳይንስ መምህራን የሚጠቅመው የሮበርት ዋሪንግተን ሙከራ ነው። ዋሪንግተን በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ኬሚስት ነበር። በ1849 ሃምሳ ሊትር ያህል ውኃ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ አሸዋና ጠጠር አድርጎ የውኃ ተክል ተከለበትና ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦች ጨመረበት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዓሣው የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚሰጠውን ኦክሲጅን ዓሣው ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ውኃ መለወጥ አያስፈልግም። መጀመሪያ ነገሩ የሠራ መሰለ። ጥቂት ቆይቶ ግን የተክሉ አሮጌ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃው ደፈረሰ፤ መስታወቱንም አረንጓዴ ዝቃጭ ሸፈነው። ዋሪንግተን በኩሬ ውስጥ ይህን የሚያጸዳው ማነው ብሎ ጠየቀና ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉ፤ እንቁላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ውኃውም ጠራ። ይህን ውጤቱን በ1850 በኬሚካል ማኅበሩ መጽሔት ላይ አወጣው። ይህ ሙከራ ዛሬም በአንድ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ፣ ዓሣ እንኳ ሳይገባበት፣ በክፍል ውስጥ ሊሠራ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በእንግሊዝ አገር የመስታወት ቀረጥ በ1845 ስለ ተሰረዘ የመስታወት ዋጋ ረክሶ ነበር። በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤት ተከፈተ። የዚህ ሥራ ዋና ተዋናይ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 «አኳሪየም» የተባለ መጽሐፉን ሲያሳትም ቃሉ በሕዝቡ ዘንድ ገባ። ሰዎች የጎስን መጽሐፍ ይዘው በባቡር እየሄዱ የባሕሩን ዳርቻ ያስሱ ጀመር። ድንጋይ እየፈነቀሉ ያገኙትን ሁሉ በቆርቆሮ ለቅመው ቤታቸው ወሰዱት፤ አብዛኛውም በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአባቱ ዘመን በሕይወት ተሞልተው የነበሩት የባሕር ዳር የድንጋይ ኩሬዎች በሰብሳቢዎች ተራቁተው መቅረታቸውን በምሬት ይተርካል። አባትየውም በዚህ ነገር ማዘኑን ልጁ መስክሯል።

ይሁንና የዋሪንግተን ሚዛን እውነቱ ግማሽ ነበር። በየቤቱ ተክልና ቀንድ አውጣ የገባበት ገንዳ ተዘጋጅቶ ሳለ ዓሦቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይሞቱ ነበር። ኦክሲጅን ሳይጎድል ምን ገደላቸው? የዓሣ ቆሻሻ በዋነኛነት የሚወጣው ከስንጥቡ በአሞኒያ መልክ ነው። በወንዝ ወይም በሐይቅ ውስጥ አሞኒያው በብዙ ውኃ ተበርዞ ይሄዳል፤ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ግን ዓሣው በራሱ እዳሪ ይመረዛል ማለት ነው። አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥላል፤ ዓሣው ኦክሲጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ ሆኖ አየር እንዳጠረው ወደ ላይ ወጥቶ ያለከልካል።

የዚህን ምሥጢር ቁልፍ ካገኙት መካከል አንዱ የዚያው የዋሪንግተን ልጅ መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። እርሱም እንደ አባቱ ሮበርት ዋሪንግተን ይባላል፤ የእርሻ ኬሚስት ነበር። ሽሎሲንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1877 አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን ካሳዩ በኋላ፣ ልጅየው በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራውን ቀጠለ። ለውጡ በሁለት ደረጃ እንደሚካሄድ፣ ይኸውም መጀመሪያ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ናይትራይት ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ ደረሰበት። ባክቴሪያዎቹን ለብቻ ለይቶ ማውጣት የተሳካለት ግን ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ሲሆን፣ ጊዜውም በ1890 ግድም ነው። ልጅየው ይመረምር የነበረው ስለ እህል መሬት እንጂ ስለ አባቱ የዓሣ ዕቃ አልነበረም። ዕውቀቱ ከእርሻው ማሳ ወደ ሳሎኑ የዓሣ ገንዳ እስኪሻገር ድረስ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የሚታወቀው፣ በአዲስ ገንዳ አሸዋና ማጣሪያ ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጅ መሆኑ ነው። ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ዛሬም የሚያየው ያንኑ የ1850ዎቹን ሞት ነው።

ወደ ንግዱ እንመለስ። ከሩቅ ምሥራቅ ወደ አውሮፓ በመርከብ የሚመጣ ዓሣ ሳምንታት በባልዲ ውስጥ መቆየት ነበረበት። በ1869 ፓሪስ የደረሰውና ፒየር ካርቦኒዬ ያራባው «የገነት ዓሣ» የተባለው የቻይና ዓሣ ከመጀመሪያዎቹ የሐሩር አካባቢ እንግዶች አንዱ ነው። ይህ ዓሣ ይህን መንገድ የቻለበት ምክንያት አለው። በራሱ ውስጥ ከውኃው በላይ ያለውን አየር የሚተነፍስበት ልዩ የሰውነት ክፍል አለው፤ ውኃው ቢቆሽሽና ኦክሲጅን ቢያልቅም አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ይተነፍሳል። ይህ የሌላቸው ዓሦች አብዛኞቹ በመንገድ እያለቁ ወደ ባሕር ተጥለዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን በአውሮፓ የትኛው ዓሣ እንደሚታይ የወሰነው የገዢው ምርጫ ብቻ ሳይሆን መከራ የመቻል ኃይልም ነበር።

ይህን የለወጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት የፕላስቲክ ከረጢትና የጄት አውሮፕላን ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓሣው ሆዱ ባዶ እንዲሆን አንድ ሁለት ቀን ምግብ ይከለከላል። ከዚያም ከከረጢቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ውኃ፣ የቀረው ንጹሕ ኦክሲጅን ተሞልቶ ይታሠራል። ከረጢቱም ሙቀት በማያስተላልፍ ሣጥን ውስጥ ይገባል። የሚደንቀው ከረጢቱ ውስጥ የሚሆነው ነው። ዓሣው በተነፈሰ ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማችና ውኃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። አሲድነት ባለው ውኃ ውስጥ ደግሞ አሞኒያው በአብዛኛው አሞኒየም ወደሚባለው፣ መርዝነቱ ወደሚያንሰው መልክ ይለወጣል። እንግዲህ ዓሣው በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ሆኖም ለጊዜው ይድናል። አደጋው የሚመጣው መንገዱ ካለቀ በኋላ ከረጢቱ ሲከፈት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተናል፤ አሲድነቱ ይቀንሳል፤ አሞኒየሙም ተመልሶ አሞኒያ ይሆናል። ከረጢቱን ከፍቶ ዓሣውን በዚያው ውኃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚያቆየው ሰው፣ ላላምደው ብሎ ይመርዘዋል። የኬሚስትሪ መምህራን ስለ አሲድና ቤዝ ሚዛን ሲያስተምሩ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚያገኙ አይመስለኝም።

በሕይወት የደረሰው ዓሣም ገና አልዳነም። ሐንስ ሴልየ የተባለው ሐኪም በ1936 ልዩ ልዩ ጉዳት በአካል ላይ አንድ ዓይነት ምላሽ እንደሚያስነሣ ካሳወቀ ወዲህ፣ በእንግሊዝኛ ስትረስ የሚባለው የሰውነት ጭንቀት በዓሦችም ላይ ተመርምሯል። ዓሣ በመረብ ሲያዝ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ንጥረ ነገሮች በደሙ ውስጥ ይበዛሉ። ልቡና ስንጥቡ ይፈጥናሉ፤ ስኳር ወደ ደሙ ይገባል። ለአጭር ጊዜ ይህ ከአዳኝ ለማምለጥ ይረዳዋል። መያዙ፣ መቆጠሩ፣ መታሠሩ፣ ብርድና ሙቀቱ፣ እንግዳ ውኃው ተከታትለው ሲመጡ ግን ኮርቲዞሉ ከፍ ብሎ ይቆይና በሽታን የመከላከል ኃይሉን ያደክመዋል። የጨው ሚዛኑም ይዛባል። ጨው ከሌለበት ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ምንጊዜም በስንጥቡ በኩል ጨው ስለሚያመልጠው መልሶ ለማግኘት ይታገላልና። ስለዚህም ሱቅ የደረሰው ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚታመመው ከቀናት በኋላ ነው። በገላው ላይ እንደ ጨው ፍንጣቂ ነጭ ነጥቦች የሚያወጣው የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ ሲታይ ገዢው ሱቁን፣ ባለሱቁ ደግሞ ገዢውን ይወቅሳል። የበሽታው መንገድ ግን የተጠረገው በጉዞው ላይ ነው። ክንፉን ወደ ገላው አጣብቆ የሚቀመጥ፣ ቀለሙ የገረጣ፣ ስንጥቡን አብዝቶ የሚያራግብ፣ ምግብ ሲሰጠው የማይቀርብ ዓሣ ጭንቀት ላይ ያለ ዓሣ ነው።

ይህ ንግድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካም ደርሷል። የታንጋኒካና የማላዊ ሐይቆች ሲክሊድ በሚባለው የዓሣ ወገን የታወቁ ናቸው፤ የእኛ ቆሮሶም ከዚሁ ወገን ነው። በታንጋኒካ ከ200 በላይ፣ በማላዊ ደግሞ ከ500 በላይ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከማላዊ ሐይቅ በ1960ዎቹ፣ ከታንጋኒካ ሐይቅ ደግሞ ፒየር ብሪሻር በቡሩንዲ ሥራ በጀመረበት በ1970ዎቹ መጀመሪያ እነዚህ ባለ ሰማያዊና ባለ ቢጫ ዓሦች ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይላኩ ጀመር።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ነገር ይነሣል። ጠላቂዎች ዓሣውን የሚይዙት በጥልቅ ውኃ ውስጥ ነው። በ20 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከውኃው ወለል በላይ ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ሲክሊድ የአየር ከረጢቱ ወደ ጉሮሮው የሚከፈት ቀዳዳ ስለሌለው በድንገት ወደ ላይ ቢወጣ፣ በቦይል ሕግ መሠረት በከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር ሦስት እጥፍ ሊሰፋ ይሻል። ሆዱ ይነፋል፤ አንጀቱ በአፉ ወይም በቂጡ በኩል ሊወጣ ይችላል። ጥንቁቅ ጠላቂዎች ዓሦቹን በቅርጫት አድርገው በየጥቂት ሜትሩ እያሳረፉ፣ አንዳንዴም ቀናት ፈጅተው ያወጧቸዋል። የሚቸኩሉት ደግሞ ከረጢቱን በመርፌ ይበሳሉ። ሁለቱም ዓሦች ሱቅ ውስጥ ሲታዩ ልዩነታቸው ለገዢው አይታወቅም። ማላዊ በ1980 የሐይቁን ደቡባዊ ጫፍ ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ ዓሦቹን የከለለች ሲሆን፣ ዩኔስኮም በ1984 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ከሁሉ የከፋው አያያዝ የታየው ግን በፊሊፒንስ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ አጥማጆች ሶዲየም ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በውኃ በጥብጠው በኮራል ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ ይረጩ ነበር። ዓሣው ይደነዝዝና በእጅ ይለቀማል፤ ኮራሉም አብሮ ይሞታል። አገሪቱ በ1975 በሕግ ብትከለክለውም ድርጊቱ አልጠፋም። የተመረዘው ዓሣ ውጭ አገር እስኪደርስ ደኅና መስሎ ይቆይና ከሳምንታት በኋላ ይሞታል።

እንዲህ ከሆነ ዓሣን ከተፈጥሮ ውኃ መያዝ ጨርሶ ይቅር የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በብራዚል በሪዮ ኔግሮ ወንዝ ላይ ባለችው በባርሴሎስ አካባቢ ካርዲናል ቴትራ የምትባለውን ትንሽ ቀይ ዓሣ እየያዙ የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። የጎርፉ ውኃ በበጋ ሲሸሽ እጅግ ብዙዎቹ ዓሦች በየጉድጓዱ ቀርተው በተፈጥሮ ይሞታሉ። ከ1989 ጀምሮ በዚያ የሠሩ ተመራማሪዎች የሚሉት፣ ሕዝቡ ከዓሣው ገቢ እስካገኘ ድረስ ደኑን አይመነጥርም ነው። ዓሣዋ በሌላ አገር በእርባታ መመረት ስትጀምር ግን ይህ ገቢ ቀነሰ። በእኔ አስተያየት በጥንቃቄ ተይዛ የምትጓዝ የሪዮ ኔግሮ ዓሣ፣ ተጨናንቃ ከተረባች የእርባታ ዓሣ የግድ የከፋ ዕጣ አላት ማለት አይቻልም። ክርክሩ መሆን ያለበት ከየት መጣች በሚለው ላይ ብቻ ሳይሆን እንዴት መጣች በሚለውም ላይ ነው።

ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ራሱ በሳይንስ የተመረመረው በቅርብ ጊዜ ነው። ጄምስ ሮዝ የተባለው አሜሪካዊ በ2002 ዓሣ የሰውን ዓይነት የአንጎል ቅርፊት ስለሌለው ሕመም ሊሰማው አይችልም ብሎ ጻፈ። በ2003 ደግሞ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በስኮትላንድ ትራውት በተባለው ዓሣ ራስ ላይ ጉዳትን ለይተው የሚያስታውቁ ነርቮች መኖራቸውን አሳዩ። ከንፈራቸው ላይ አሲድ የተወጉት ዓሦች ከንፈራቸውን በጠጠሩ ላይ ይፈትጉ፣ ለረጅም ጊዜም ምግብ ይተዉ ነበር። ክርክሩ ዛሬም ቢቀጥልም ሕግ አውጪዎች መልሱን አልጠበቁም። በኢጣሊያ ሞንዛ በ2004፣ ሮም ደግሞ በ2005 ወርቃማ ዓሣን በክብ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ከለከሉ። ክቡ ዕቃ ለአየር የሚጋለጠው ገጹ ጠባብ ስለሆነ ኦክሲጅን ይጎድለዋል፤ ማጣሪያም አይገጠምለትም። የእንግሊዝና የዌልስ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በ2006 ሲወጣ የአከርካሪ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ሁሉ፣ ዓሣንም ጨምሮ፣ በጥበቃው ሥር አስገባ። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥንና፣ ጥቂት ሁኔታዎች ካልሆኑ በስተቀር፣ ለሽልማት መስጠትንም ከለከለ።

ይህ የመጨረሻው ክልከላ ያነጣጠረው በየባዛሩ ኳስ ወርውሮ ላሸነፈ ልጅ በከረጢት በሚሰጠው ወርቃማ ዓሣ ላይ ነው። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1956 በእንግሊዝ አገር በአንድ ባዛር አንድ ልጅ ያገኘው ቲሽ የተባለ ወርቃማ ዓሣ ግን በጥሩ አያያዝ እየኖረ ቆይቶ የሞተው በ1999፣ በ43 ዓመቱ ነው።